በምስር ላይ በሐሰት መሰከርኩ

በመጀመሪያ በዚያ እሑድ እዚህ ሊባኖስ፣ ሀደት ሰፈር ባለችው ክፍሌ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ልቁጠርላችሁ፤ በኋላ «እኔ አልነበርኩም» የሚል እንዳይመጣ። እኔ አስካለ ነበርኩ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ሶልያና ነበረች። መዝረዓ ሰፈር ፀጉር ቤት ያላት ዘነበች ነበረች፤ እሷ ካለች ደግሞ የመዝረዓ ሰው ሁሉ እንዳለ ቁጠሩት። ጀማይዜ ሰፈር በአሠሪዋ፣ በማዳሟ ቤት እያደረች የምትሠራው የሺ ነበረች። ራና የምትባል ሊባኖሳዊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነጭ ጋውኗን ለብሳ መሀላችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሰው ሌላ አንዲት የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሦስት ደብተሮች፣ ጣት ወግታ ስኳር የምትለካ መሣሪያ፣ አንድ ድስት ደግሞ ምስር ወጥ ነበረ። ምስሩን አትርሱት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ምንም ሳያጠፋ የተፈረደበት እሱ ብቻ ነው።

ሰው ስለ ዕድሜው ይዋሻል፣ ስለ ደመወዙ ይዋሻል ስትሉ እሰማለሁ። እሱ ምንም አይደለም። ሰው ከልቡ የሚዋሸው ስለ በላው ነው። «ምን በላሽ?» ስትባሉ «ኧረ ምንም አልቀመስኩም» ያላላችሁ አንዲት ካለች እጇን ታውጣ… መጀመሪያ ግን የከንፈሯን ዘይት ትጥረግ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ እሑድ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ዘነበች ፀጉር ቤት ነው። ዐቢይ ጾም ገብቷል። ራና መጥታ ጥናት እየሠራች እንደሆነ ነገረችን። ከአገራቸው ርቀው የሚሠሩ ሴቶች ምን ይበላሉ? የሚበሉት ነገር ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከልብ በሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጥናቱ ይኸው ነው።

«በሽታው ድንገት የመጣ ይመስላል» አለችን፣ «ያኒ፣ ማለቴ፣ ብዙ ጊዜ ግን ለዓመታት በየቀኑ ስንጋብዘው የቆየ እንግዳ ነው። መቼና በምን እንደጋበዝነው ለማወቅ መጻፍ ያስፈልጋል።»

ለሦስታችን ሦስት ደብተር ሰጠችን። ሳምንቱን ሙሉ አፋችን የገባውን ሁሉ እንድንጽፍ፤ በሚቀጥለው እሑድ ጣታችንን ወግታ ስኳራችንን ልትለካ። ስማችን አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው አለች። መጻፍ ያለበት በዓረብኛ ነው። እኛ ሦስታችን ዓረብኛ እንናገራለን እንጂ አንጽፍም፤ የምትጽፈው ሶልያና ናት። ስለዚህ ሁለቱ የበሉትን በድምፅ መልእክት ይልኩልኛል፣ እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች ተባለ። ዐያችሁ፣ የሦስት ሴቶች ሆድ በእኔ እጅ ወደቀ።

እኔን የማታውቁኝ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ባቆምም ፍርሃትን እስከ መጨረሻው ክፍል ተምሬዋለሁ። ልጄን ትምህርት ቤት ስልካት ከፎቅ መስኮት አንገቴን አውጥቼ ከዓይኔ እስክትጠፋ አያታለሁ፤ ከጠፋችም በኋላ አያለሁ። በዚህ አገር የተጻፈ ነገር አንድ ቀን ማኅተም ተመትቶበት እንደሚመለስ አውቃለሁ። አንዲት የማውቃት ሴት ማዳሟ ፊት ራሷን አዙሯት ቁጭ ብላ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ሻንጣዋ በር ላይ ጠበቃት። እና የሺ የሰው ቤት አዳሪ ናት። የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማ፣ አልጋዋ፣ እንጀራዋ ያለው በማዳሟ እጅ ነው። «ይህቺ ሴት ስኳር አለባት» የሚል ወረቀት ከወጣ… ቁጥር ነው ይሉናል። ቁጥርም እኮ የሰው ነው።

ሰኞ ማታ የየሺ የመጀመሪያ መልእክት መጣ።

«እትዬ አስካለ፣ ጠዋት ዳቦ በሐላዌ በላሁ። ሻይ፣ አራት ስኳር። ረፋድ ላይ ሐላዌ፣ ትንሽ ነው፣ አትጻፊው። ምሳ ዳቦ፣ ወይራ፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ። ምንጣፍ ሳወጣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ሐላዌ። እራት ምስር፣ ከዚያ ሲያሚ ኬክ። ሁሉም የጾም ነው፣ ይመስገነው።»

ሐላዌ ለማታውቁት፣ ከሰሊጥና ከስኳር የሚሠራው ደረቅ ጣፋጭ ነው። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፤ እኛ ደግሞ «ሲያሚ»፣ ያኒ የጾም፣ የሚል ጽሑፍ ያየንበትን ሁሉ ለነፍስም ለሥጋም የተፈቀደ አድርገን እንወስደዋለን። የሺ በቀን የምትበላውን ሐላዌ ብትሰሙ ሰሊጥ የሚያመርቱ ገበሬዎች ለምን እንደማያርፉ ይገባችሁ ነበር።

ሶልያና እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«ጻፊ» አልኳት፣ «ጠዋት ምስር።»

«እማ፣ ሐላዌ ነው ያለችው።»

«ምሳ ጎመን። እራት ምስር በሰላጣ።»

«እማ፣ ይሄ ውሸት ነው።»

«ጥንቃቄ ነው። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

«ጠዋት በጠዋት ምስር ማን ይበላል?»

«ጤነኛ ሰው።»

ጻፈች። የየሺን ብቻ አስተካክሎ የእኛን መተው ደግሞ ያሳብቃል ብዬ የዘነበችን ቺፕስም ወደ ሽንብራ ቀየርኩት። የራሴን ልንገራችሁ ወይስ ይቅር? ይቅር፣ ወደ ኋላ ይመጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሮቻችንን ያየ ሰው ሦስት መናኞች በሀደትና በጀማይዜ መካከል የሚመላለሱ ይመስለው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ባዶ ሆዳችንን መጣን። ለራና ተመቻት፣ ጣት መውጋት የሚፈለገው በባዶ ሆድ ነው። ዘነበች ተወጋች፣ ደህና ናት። እኔ ተወጋሁ፣ «ዳር ላይ ነሽ፣ ተጠንቀቂ» ተባልኩ፤ ለእኔ ተጠንቀቂ ማለት ለዓሣ ዋኚ እንደማለት ነው። የሺ ተወጋች። ራና መሣሪያዋን ዐየች፣ መታ መታ አደረገቻት፣ ሌላ ጣት ወጋች። 

«ከፍ ብሏል» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪም ማየት አለብሽ፣ ሐቢብቲ፣ ውዴ።»

የሺ ሳቀች። «ስኳር የማዳሜ በሽታ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እኔ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስኳሩ ወለል ስወለውል ያልቃል።»

እውነቷን ነው፤ ማዳሟ ስኳር አለባት። ቤቱ ሙሉ ሬጂም፣ በልክ መብላት፣ ላይ ነው። የማዳምን ዓሣ፣ የማዳምን ሩዝ፣ የማዳምን ሦስት ፍሬ ተምር በግራም መዝና የምታቀርበው የሺ ናት። ለዚህም ነው የራሷን ሐላዌ በዱቄት ሳሙና ካርቶን ውስጥ የምትደብቀው፤ «ማዳም ካገኘችው ትጨርስብኛለች፣ እኔ ለጤናዋ ብዬ ነው» ትላለች።

ምሳ ቀረበ። አንድ ትሪ እንጀራ፣ መሀሉ ላይ ምስር። ራና ሚዛኗን አወጣች፤ የእያንዳንዳችንን ድርሻ መመዘን ትፈልጋለች። ትሪውን እንዳለ ስታስቀምጠው የሺ እጇን ያዘቻት።

«እንዲህ አይደለም፣ ሐቢብቲ። መጀመሪያ ባዶውን ዕቃ አስቀምጪና ወደ ዜሮ መልሺው። አለዚያ ብረቱን ነው የምትመዝኚው።»

ራና አፏን ከፍታ ቀረች። «የት ተማርሽው?»

«ማድ ቤት።»

«እሺ፣ ድርሻሽ የቱ ነው?»

«የምን ድርሻ?»

«ከትሪው የአንቺ የቱ ነው? የእሷስ?»

ተያየን። ዘነበች በጣቷ አየር ላይ ድንበር ለማስመር ሞከረች፤ ድንበሩ በመጀመሪያው ጉርሻ ፈረሰ። ራና ለየሺ ሃምሳ ግራም ብላ ሳትጨርስ ዘነበች ከየሺ በኩል ጠቅልላ ለእኔ አጎረሰችኝ፣ እኔ ለሶልያና፣ ሶልያና ለራና።

«ይሄ በማን ይጻፍ?» አለች ራና ጉንጯ ሞልቶ።

«ባጎረሰችው» አለች ዘነበች።

«በዋጠችው» አልኩ እኔ።

ራና በግራ እጇ የየሺን ደብተር እየገለጠች በልቧ ማንበብ ጀመረች። ምስር። ጎመን። ምስር በሰላጣ። ምስር። ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ እኮ እኛ ለሕሙማን የምንመክረው ምግብ ነው። የሺ፣ ጣፋጭ አትወጂም?»

አሁን እዩልኝ። የሺ መዋሸት አትችልም። ደብተሩ ላይ ምን እንዳስጻፍኩም አታውቅም። አፏን ከፈተች፣ «ሐ…» ብላ ጀመረች፣ እኔ ባለ በሌለ ኃይሌ የጡጫ ያህል ጠቅልዬ አጎረስኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። ውጣ ሳትጨርስ ሁለተኛውን ደገምኩ።

«እንግዳ ማክበር ነው» አልኳት ለራና።

ራና የሁለቱን ጉርሻ ግራም ገምታ ጻፈች። ሶልያና አንዴ እኔን፣ አንዴ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ ምንጣፉን። ልጄ እንደዚያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ረቡዕ የራና መልእክት ደረሰን። ለፕሮፌሰሩ አሳይታዋለች፤ ተገርሟል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ምግብ የምትበላ ሴት ስኳሯ እንዴት ከፍ አለ? ምናልባት ከምስሩ ወይም ከቅመሙ የሚሆን ነገር ካለ ይታይ ብሏል። «የሺ ሐኪም ጋ ትሂድ፤ ምግቧ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ ተመልሰን እስክናያት ምንም አትለውጥ።»

የሺ ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ሰማች። ዘነበች ደግሞ ከመሀሉ «ከምስሩ የሚሆን ነገር» የሚሉትን ሦስት ቃላት ወሰደች… ለሰው ፀጉር እየሠራች ዝም ማለት የማትችል ሴት ናት። ዓርብ ሳይደርስ መዝረዓ ያለው ሐበሻ ሁሉ ምስር ስኳር እንደሚያመጣ በዩኒቨርሲቲ ተረጋግጧል እያለ ነበር። በጾም መሀል፣ ልብ በሉ። ቅመም የምንገዛበት ሱቅ የምስሩ ጆንያ እንደተቋጠረ ቀረ፤ ወሬው ከእኛ ደብተር እንደወጣ የሰማው ባለሱቅ በአጠገቡ ሳልፍ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የጸበል ጸዲቁ ወጥ በምስር ፈንታ በድንች ተሠራ።

ቤቴም ገባ። እራት አቀረብኩ፣ ሶልያና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ምስር አልበላም። ስኳር ያመጣል።»

«ማን አለሽ?»

«ሳይንስ። እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

እንዲህ ያለ ጥፊ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? ልጄን አስዋሽቼ፣ ውሸቱን ሳህን ላይ አድርጋ መለሰችልኝ።

ይሁን፣ ነገሩ ምስር በመቅረት ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን የሺ ደወለች።

«እትዬ፣ ምስሩን ተውኩት። አሁን ዳቦና ሐላዌ ብቻ ነው የምበላው፣ ሌላ አልነካም።»

«የሺ፣ ሐላዌውን ነው መተው ያለብሽ።»

«ሐኪሟ ራና ከምስሩ ነው ብላለች አሉ። ሌላውን አትለውጪ ብላለች። አንቺ ሐኪም ነሽ?»

ሐላዌውን መተው እንዳለባት ደግሜ ነገርኳት።

«ውኃው ብቻ ነው ያስቸገረኝ» አለች። «አንድ ጠርሙስ እጨርሳለሁ፣ አልረካም። ሽንት ቤት ስመላለስ ማዳም 'ሹ ቢኪ?' አለችኝ፣ ምን ሆነሻል ነው። እና ዛሬ የማዳምን ሩዝ ስመዝን የሚዛኑ ቁጥር ብዥ አለብኝ። ገምቼ ሰጠኋት።»

ስልኩን ዘግቼ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። በሰባት ዓመት አንዲት ግራም ያላሳሳተች ሴት ገምቼ ሰጠኋት ትላለች። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሻንጣዋ በር ላይ እንዳይቆም ብዬ ያጠርኩላት አጥር መልሶ እሷኑ ውስጥ ቆለፈባት። የእኔን ቃል አትሰማም፤ የምትሰማው የራናን ነው። የራና ቃል እንዲለወጥ ደግሞ ደብተሩ ሐሰት መሆኑን ራና ማወቅ አለባት።

በማግስቱ ሶልያና ከትምህርት ቤት እንደመጣች በሰርቪስ ታክሲ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድን። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በዓረብኛ ስለማመድ ሾፌሩ በመስታወት እያየ «ፍርድ ቤት ነው የምትሄዱት?» አለን።

«ከዚያ ይብሳል» አለችው ልጄ።

ራና ግቢው በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘችን። ደስ ብሏታል፤ ፕሮፌሰሩ ስለ ምስሩ ብዙ እያነበበ ነው አለች። 

«ራና፣ ምስሩ ንጹሕ ነው» አልኳት።

«ያኒ ምን ማለት ነው?»

«ምስሩ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሐላዌውን፣ ለስላሳውን፣ ሲያሚ ኬኩን፣ አራቱን ስኳር፣ ጉርሻውን። በተለይ ጉርሻውን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለምን እንደሆነም ነገርኳት፤ የሺን፣ ማዳሟን፣ ሻንጣውን።  ከዚያ የራና ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳት ብዬ ስደነግጥ ለካ ትስቃለች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ዓይኗን ጠረገች፣ የቱ እንደነበረ እስካሁን አላውቅም።

«ፕሮፌሰሬን ምን እለዋለሁ?»

«አንዲት እናት ዋሸች በይው። ያውቃል፣ እሱም እናት አለው።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለችና አዲስ ደብተር አወጣች። «ያላ፣ በይ፣ እውነተኛውን።»

ሶልያና እስክሪብቶውን ተቀበለቻት። የየሺ መልእክቶች ስልኬ ላይ ስለነበሩ አንድ በአንድ እየተረጎምን አስደመጥናት። ሐላዌ የሚለው ቃል በተደጋገመ ቁጥር ልጄ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እየጠራችው ትጽፋለች፣ የምትዘምር ይመስል። የዘነበች ቺፕስም ከሽንብራነቱ ተመለሰ።

«አንቺስ?» አለች ራና። «አንቺ በእውነት ምን በላሽ?»

ይቅር ያልኳችሁ ይኸው መጣ። ደብተሩ ላይ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ፍራፍሬ አስጽፌ ነበር። ሶልያና ጠበቀችኝ።

«የተረፈ» አልኩ።

«ከምን የተረፈ?»

«ከልጄ። ካጸዳሁበት ቤት። የዳቦ ጠርዝ፣ የሩዝ ቅሪት፣ የልጄ ግማሽ ሳንድዊች። ቆሜ ነው የምበላው። ሰዓት የለውም።»

ራና ገጹን አገላብጣ አየችው። ቁርስ የሚል አለ፣ ምሳ የሚል አለ፣ እራት የሚል አለ። ማስመሪያ አወጣችና ጠርዙ ላይ አንድ መስመር በእጇ አሰመረች፣ ከላይ «የተረፈ» ብላ ጻፈች። ሌሎቹንም ሴቶች እጠይቃለሁ አለች። እኔ እንጃ፣ አሁን ጥናቱ ውስጥ ያለኝ ድርሻ ያቺ መስመር ናት።

ከዚያ ለየሺ አዲስ ወረቀት ጻፈችላት። የመጀመሪያው ምክር ስህተት መሆኑን፣ ሐላዌውንና ለስላሳውን እንድታቆም፣ ሳትዘገይ ሐኪም እንድታይ። ኢቃማ የማይጠይቅ፣ ለማዳም የማይደውል አንድ ክሊኒክ አለ፤ በቁጥሯ ብቻ ይቀበሏታል። እዚያው ሆነን ለየሺ ደወልን። ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱ ደወልን፣ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ጀማይዜ ሄጄ ሕንፃው ሥር ያለውን ጥበቃ ጠየቅኩ፤ ማዳም ቤቱን ዘግታ ወደ ተራራ ወጥታለች፣ ሠራተኛዋን ይዛ። የትኛው ተራራ? እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ።

ፕሮፌሰሩ ምስሩን ትቶታል። ባለሱቁ ሰላም ይለኛል። ሶልያና ምስር በልታለች፤ በልታም «አሁን ሳይንሱ ተስተካክሏል» ብላኛለች። እኔም ተቀምጬ ለመብላት እየሞከርኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይሳካል።

የቀረው የሺ ናት። የሺ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ይህን በአማርኛ የምጽፈውም ማዳሟ ስለማታነበው ነው። ተራራ ላይ የምትሠሩ፣ ወይም እዚያ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ እህቶቼ፣ በአጠገባችሁ ባለ ቤት ሚዛን አሳምራ የምታውቅ፣ ውኃ አብዝታ የምትጠጣ፣ የዱቄት ሳሙና ካርቶኗን ማንም እንዲነካባት የማትፈቅድ ሴት ካያችሁ እሷ ናት። ወረቀቷ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጥፋቱ የምስሩ እንዳልነበረ፣ አስካለ ናት የዋሸችው ብላችሁ ንገሯት። ለእኔ ደግሞ መዝረዓ ዘነበች ፀጉር ቤት መልእክት ተዉልኝ። የት እንዳለችና ደህና መሆኗን ንገሩኝ።